በፎቶ መርሳት ምንድን ነው?

በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም፣ ሞና ሊዛ በተሰቀለችበት አዳራሽ፣ ሕዝቡ ስልኩን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ 77 በ53 ሳንቲ ሜትር ወደሆነችው ሥዕል ይጋፋል። ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ የጣሊያናዊው ሠዓሊ የቬሮኔዜ «የቃና ሰርግ» የተባለ ሥዕል አለ፤ ቁመቱ 6.77፣ ወርዱ 9.94 ሜትር፣ በሙዚየሙ ካሉት ሥዕሎች ሁሉ ትልቁ። ስንቱ ዞር ብሎ ሳያየው ይወጣል! የሚያሳዝነው ደግሞ የተጋፋላትን ሞና ሊዛንም በወጉ አለማየቱ ነው። ፎቶዋ ስልኩ ውስጥ አለ፤ እጆቿ እንዴት እንደተደራረቡ ቢጠየቅ ግን ስልኩን ሳይከፍት መመለስ ይቸግረዋል።

በፎቶ መርሳት የሚባለው ይሄ ነው፤ ፎቶ ያነሱትን ነገር፣ ዝም ብለው ካዩት ባነሰ ማስታወስ። በሙከራ ያሳዩት አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊንዳ ሄንክል ናቸው። የፌርፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በግቢው የሥነ ጥበብ ሙዚየም እያዞሩ፣ 15 ዕቃዎችን ፎቶ እንዲያነሱ፣ ሌሎች 15 ዕቃዎችን በዓይናቸው ብቻ እንዲያዩ አደረጉ። በማግስቱ ሲጠየቁ፣ ተማሪዎቹ ፎቶ ያነሷቸውን ዕቃዎችም ሆነ ዝርዝራቸውን ያስታወሱት አሳንሰው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ።

ብዙ ሰው ምክንያቱ «ስልኩ ይዞልኛል» የሚል ስንፍና ይመስለዋል። እሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ሰዎች ፎቶው እንደማይቀርላቸው እያወቁም እንደሚረሱ አሳይቷል። እኛ እንደምናምነው ዋናው ነገር ትኩረት ነው፤ ዓይን ሥዕሉን ትቶ ጠርዙን ማስተካከል፣ የሰው ጭንቅላት እንዳይገባ መጠበቅ፣ መንካት፣ ማንሳት ላይ ይውላል። ደግሞም ካሜራ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት፣ የሚያነሱትን ራሳቸው የመረጡ የሙዚየም ጎብኚዎች ያዩትን ይበልጥ አስታውሰዋል፤ ያነሰባቸው በጆሮ ማዳመጫ የሰሙት ማብራሪያ ነው። ስለዚህ አስጎብኚ ሲናገር ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ከሄንክል ሥራ ለጎብኚ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ሙከራ ነው። ተማሪዎቹ ወደ አንድ ክፍል ዙም አድርገው ሲያነሱ መርሳቱ ጠፋ፤ ዙም ያላደረጉበትን ክፍል እንኳ ሳይቀር አስታወሱ። ዙም ለማድረግ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ለመምረጥ ደግሞ ማየት ግድ ነው።

ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይሞክሩት። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ልማድ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። አንድ ሥዕል ፊት ቆመው ስልኩን ሳያወጡ አንድ ደቂቃ ያህል ባለ አንድ ዓይኑን ይፈልጉ። ሲያገኙት እሱን ብቻ ዙም አድርገው ያንሱ። ሙሉው ሥዕል ቀጥሎ ይነሳል፤ የመግለጫ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ። ፎቶ ማንሳት መፈቀዱን አስቀድመው በር ላይ ይጠይቁ፤ ፍላሹን ያጥፉት። የብርሃን ጉዳት እየተጠራቀመ የሚሄድ ነው፤ ፍላሹም ከመስታወትና ከቫርኒሽ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይመለሳል።

ወረቀትና ጨርቅ ያለበት ክፍል ጨለም ቢል አይገረሙ፤ ለእነዚህ የተለመደው የብርሃን ልክ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። የስልኩ ካሜራ በጨለማ ውስጥ ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚከፈት እጅ ከተንቀጠቀጠ ፎቶው ይደበዝዛል። ክርኖችዎን ከጎንዎ ያጣብቁ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ። መስታወት ላይ የራስዎ ጥላ ከታየ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይበሉ። የሥዕሉ ጠርዝ ከተጣመመ ብዙ ተጠግተዋል ማለት ነው፤ ወደኋላ ሸሽተው በ2 እጥፍ ዙም ያንሱ።

ከሁሉ አስቸጋሪው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሆን፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል የሚያሳይ ሥራ። ብርሃኑ ከጀርባ ስለሚመጣ ስልኩ ጨለማውን ግድግዳ ለማሳየት ሲታገል ቀለሙን ያነጣዋል። ጣትዎን ከመስታወቱ ብሩህ ቦታ ላይ ያሳርፉ፣ የፀሐይ ምልክቷ ስትመጣ ቀይና ቢጫው እስኪደምቁ ወደ ታች ይሳቡ። የት ላይ ማቆም እንዳለብዎ ስልኩ አይነግርዎትም፤ ቀና ብለው ከራሱ ከመስታወቱ ጋር ያስተያዩት።