ጡብና ግንብ በላንድስኬፕ ዲዛይንና በትምህርቱ

ጡብ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ቤት ነው። ግቢና መናፈሻ ላይ ግን ስራው ብዙ ነው፣ መንገድ ይሆናል፣ የአበባ መደብ ጠርዝ፣ መቀመጫ፣ ደረጃ፣ አጥር፣ ተዳፋት ቦታ ላይ ደግሞ አፈር የሚይዝ ግንብ። ድንጋይም የሚሰራው ይሄንኑ ነው፣ ግን እዚህ ወደ ጡቡ አደላለሁ፣ ለማስተማሪያ ጡብን የሚያህል የለም ባይ ነኝና።

ምክንያቱ ልኩ ነው። የእንግሊዙን ስታንዳርድ ብንወስድ 215 በ102.5 በ65 ሚሊሜትር ነው፣ 10 ሚሊሜትር የሞርታር (ጡብ ከጡብ የሚያያዝበት ቡኮ) መጋጠሚያ ሲጨመርበት 225 በ112.5 በ75 ይሆናል፣ ማለትም ሁለት ወርድ አንድ ርዝመት፣ አራት ረድፍ ደግሞ ልክ 30 ሳንቲሜትር። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ በዛሬዋ ፓኪስታን ያለችው የጥንቷ ከተማ የሞሄንጆ ዳሮ ጡቦች ከ4,000 ዓመት በፊት 1 ለ2 ለ4 በሚል የውፍረት፣ የወርድና የርዝመት ምጥጥን የተሰሩ ናቸው። ከዛ ወዲህ ባቢሎኑም ሮማውም ፋርሱም በየራሱ ልክ በጡብ ሰርቷል።

ይሄ ልክ ተማሪ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ትንሽ የአበባ መደብ ይበቃል። ተማሪው ቁጥሩ ስለሚያምር ግንቡን 1.10 ሜትር ብሎ ይስለዋል፣ ግንበኛው ጋ ሲደርስ ጫፉ ላይ ጡብ መቁረጥ ግድ ይሆናል። 1115 ሚሊሜትር ብሎት ቢሆን አምስት ጡብና አራት መጋጠሚያ ምንም ሳይቆረጥ ይገባ ነበር። 15 ሚሊሜትር ነው እንግዲህ ልዩነቱ።

በትምህርት ቤትና በግቢ ዲዛይን መሃል ከሚጠቀሱት ሁሉ ዝነኛው አሜሪካ ያለው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን ያቋቋመው እ.ኤ.አ በ1819 ነው፣ ትምህርት የጀመረው በ1825። ከመምህራኑ ቤቶች ጀርባ ያሉትን አትክልት ቦታዎች የሚከፍሉት አጥሮች እንደ እባብ የሚጠማዘዙ ሆነው ውፍረታቸው የአንድ ጡብ ወርድ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ እንደዛ የሳሳ ግንብ ያለ ድጋፍ ነፋስ ይጥለዋል፣ ሲጠማዘዝ ግን ራሱን ይደግፋል፣ ስለዚህ መንገዱ ቢረዝምም ውፍረቱ እጥፍ ከሆነ ቀጥ ያለ ግንብ ያነሰ ጡብ ይፈጃል። የጀፈርሰን ፈጠራ ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም፣ እንግሊዝ ውስጥ ሰፎክ አካባቢ ቀድሞ የነበረ ነገር ነው፣ እዛ እንደውም ጎድጎድ ያለው በኩል ሙቀት ስለሚይዝ ፍራፍሬ ያበቅሉበታል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚታለፈው፣ ዩኒቨርሲቲውን የሰሩት፣ ጡቡንም የሰሩት፣ በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። አሁን የሚታዩት አጥሮች በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የተገነቡ ናቸው። ከጀፈርሰን ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ በኡራጓይ መሃንዲሱ ኤላዲዮ ዲስቴ አትላንቲዳ በምትባል ከተማ በሰራው ቤተክርስቲያን ያንኑ የመጠማዘዝ ሃሳብ ወደ ትልቅ ህንጻ ወስዶታል።

እንግሊዝ ውስጥ አርክቴክቱ ኤድዊን ሉተንስና የአትክልት ቦታ ዲዛይነሯ ገርትሩድ ጂኪል አብረው ሰርተዋል፣ እሱ ግንቡን እሷ ተክሉን።

በክፍል ውስጥ ትምህርት ደግሞ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮኸ እ.ኤ.አ በ1938 ቺካጎ ገብቶ ሲያስተምር ተማሪዎቹ የጡብ አደራደርን እያንዳንዷን ጡብ እየሳሉ እንዲሰሩ ያደርግ ነበር። እኔ ግን ከሁሉም የፊንላንዳዊውን አርክቴክት የአልቫር አልቶን ስራ እመርጣለሁ። ፊንላንድ ሙራትሳሎ ደሴት ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለራሱ የሰራው የበጋ ቤት ግቢ ግድግዳ ወደ 50 በሚሆኑ ቁራጮች የተከፈለ ነው፣ እያንዳንዱ በተለያየ ጡብ፣ በተለያየ አደራደር፣ በተለያየ መጋጠሚያ፣ መሃል ላይ እሳት የሚነድበት ጉድጓድ አለ። ጡቡ ከሌላ ስራው የተረፈ ነው ይባላል። ሰውየው ቁጭ ብሎ ዝናብና በረዶ የትኛውን እንደሚጎዳ የሚያይበት ደብተር ሰራ ማለት ነው።

የውጪ ግንብ ከቤት ግድግዳ የሚለየውም እዚሁ ላይ ነው፣ ጣሪያ የለውም፣ ውሃ ከላይም ከጀርባም ከስርም ይመጣበታል። ስለዚህ አናቱ ላይ ወጣ ያለ ክዳን ያስፈልገዋል፣ አፈር የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ጠጠር፣ ከስር የውሃ መውጫ ቀዳዳ። ያ ሳይደረግ ቀርቶ ግንብ ሲያብጥ ጥፋቱ ግንበኛው ላይ ይላከካል እንጂ ስዕሉ ላይ ቀዳዳ አልነበረም። ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ከወጣም ውሃ ውስጡ እየተመላለሰ ነው። ለመንገድ የግድግዳ ጡብ አይሆንም፣ ጠንካራው ይሻላል፣ መኪና የሚያልፍበት ከሆነ እንደ ዓሣ አጥንት የሚደረደረው (ሄሪንግቦን የሚሉት) ጡቦቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ አይንሸራተትም።

መለማመጃ ቦታ ላይ ሲሚንቶ አይገባም፣ ኖራና አሸዋ ብቻ ነው የሚቦካው። ተማሪው ሲባጎ ወጥሮ፣ በውሃልክና በቱምቢ እያየ ወገቡ ድረስ ይገነባል፣ መምህሩ መጋጠሚያውን ይለካል፣ ከዛ ይፈርሳል፣ ጡቡ ተጠርጎ ይቆለላል፣ ነገ ሌላ ተማሪ በዛው ጡብ ይጀምራል።