ተገጣጣሚ ክራንክ ሻፍት ምንድን ነው?

ክራንክ ሻፍት የፒስተንን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ወደ መሽከርከር የሚለውጥ የሞተር ዋና ዘንግ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ሰው በሚያመላልሱት ባጃጆችና በባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክሎች ውስጥ ያለው ግን በአይሱዙ ወይም በሚኒባስ ሞተር ካለው በአሠራሩ ይለያል፤ ሲበላሽ እንዴት እንደሚጠገንና መቼ ጨርሶ እንደማይጠገን የሚወስነውም ይኸው ልዩነት ስለሆነ፣ እንጀራው በባጃጅ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

የአይሱዙ ክራንክ ሻፍት አንድ ወጥ ብረት ነው። ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ የታችኛው ዓይኑ ለሁለት ተከፍሎ በብሎን ይታሰርበታል፤ የቢየላው መቀመጫ ሲበላም በማሽን 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚና (በቢየላውና በመቀመጫው መካከል የሚገባ ስስ ተሸካሚ ብረት) ይገጠምለታል። የባጃጁ ቢየላ ግን የታችኛው ዓይኑ የማይከፈት ሙሉ ቀለበት በመሆኑ፣ የሚከፈተው ክራንክ ሻፍቱ ራሱ ነው፤ ተገጣጣሚ የሚባለውም ለዚህ ነው። ግራና ቀኝ ከየዘንጋቸው ጋር ሁለት ከባድ ክብ ብረቶች አሉት፤ በመካከላቸውም ቢየላውን የሚሸከም አጭር ፒን አለ። ፒኑ ከሚገባበት ቀዳዳ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር በፕሬስ፣ በብዙ ቶን ግፊት ይገባል፤ ያለ ብሎንና ያለ ብየዳ የሚይዘውም ይህ ጥብቀት ብቻ ነው።

ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ 10,000 ጊዜ ቆሞ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ይህ ጫና በፒኑ ዙሪያ በተደረደሩት ትናንሽ ሮለሮች ላይ ያርፋል። ደሴ የጦሳ ተራራን ተዳፋት ተከትላ የተሠራች ከተማ በመሆኗ፣ ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገቱን በማይመጥን ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር ሮለሮቹን ያለ ዕድሜያቸው ይጨርሳቸዋል። ዘይቱ ከጎደለ ወይም ጊዜው ካለፈ ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። ምልክቱ ሞተሩ ጭነት ሲሰማው ከሥር የሚመጣ ወፍራም የመንኳኳት ድምፅ፣ እንዲሁም ሲደፋ በሚወጣው ዘይት ውስጥ የሚታይ የብረት ብናኝ ነው።

ሲሊንደሩ ከወጣ በኋላ ቢየላው በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሳብ ምንም መላወስ ሊኖረው አይገባም። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ግን ጤናማ ነው፤ ይህን ባለመለየት ብቻ ደህና ክራንክ ሻፍት ሲጣል ማየት ያሳዝናል።

ቢየላው፣ ፒኑ ወይም ሮለሩ ብቻ ከተጎዳ ጥገና አለው። ክራንክ ሻፍቱ በፕሬስ ይለያያል፣ ሦስቱም በአንድነት ይቀየራሉ፣ ከዚያም ተመልሶ ይገጣጠማል። በባለ አራት ምት ሞተር ዘይት ወደ ሮለሩ የሚደርሰው በፒኑ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ስለሆነ፣ ይህ ቀዳዳ ከጎኑ ካለው የዘይት መተላለፊያ ጋር ካልተጋጠመ አዲሱ ሮለር ያለ ዘይት ሠርቶ ወዲያው ይቃጠላል። የሥራው ልብ ግን ማቅናቱ ነው። ሁለቱ ዘንጎች በአንድ መስመር መዞር አለባቸው፤ የሚፈቀደው መዛነፍ እንደ አምራቹ መመሪያ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ0.03 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነው። ይህንን ዓይን አያየውም። ክራንክ ሻፍቱ በቶርኖ ማሽን ሁለት ሹል መያዣዎች (ሴንተሮች) መካከል ወይም በቪ ቅርጽ ብሎኮች ላይ ተቀምጦ በዳያል ጌጅ፣ ማለትም ጥቃቅን መዛነፍን በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ ይለካል፣ በመዳብ መዶሻ እየተመታ ይስተካከላል፣ እንደገናም ይለካል። ዳያል ጌጅ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ ባይቀበል ይሻላል፤ የተዛነፈ ክራንክ ሻፍት ሞተሩን እያንቀጠቀጠ ዋና ኩሽኔታዎቹን (ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸውን ተሸካሚዎች) ይበላልና።

ዘንጉ ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም ከተሰበረ፣ ወይም የፒኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ጥብቀቱን ካጣ፣ ያ ክፍል መቀየር አለበት። የተሰበረ ዘንግን በብየዳ መቀጠል በርካሽ የተገኘ መፍትሔ ቢመስልም፣ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ይለውጠዋል፣ ዘንጉንም ያጣምመዋል፤ ስብራቱ በብየዳው አጠገብ ይመለሳል፣ ሲመለስም የሞተሩን ቤት ሊሰብር ይችላል።

ከመገጣጠሙ በፊት የሞተሩ ቤትና የዘይት መተላለፊያዎቹ ከብረት ብናኝ ፈጽመው መጽዳት፣ ዋና ኩሽኔታዎቹም መፈተሽ አለባቸው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ቀለል ባለ ጭነት ተነድቶ ዘይቱ ቶሎ ይቀየራል።