ፒችትሪ ሰርቨሩን አላገኘሁም ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መርካቶም ሆነ ፈረንጅ አራዳ፣ ፒችትሪ 2010 በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም የሚሠራ የጅማ ቢሮ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሊገጥመው የሚችል መልእክት አለ፦ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ከፐርቬሲቭ ጋር መገናኘት አልቻለም ይላል፤ የሰርቨሩንም (ዳታው የተቀመጠበትን ኮምፒውተር) ስም ይጠራል።

«ዳታው ጠፋ።»
መልእክቱ እንዲህ አይልም። ዳታውን የሚያቀርበው ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) መልስ አልሰጠም ነው የሚለው። በቡና ወቅት ፒችትሪን አጥፍቶ እንደገና ለመጫን መሮጥ ቀን ማቃጠል ነው። መጀመሪያ ስሙ የተጠራው ኮምፒውተር ጋ ሂዱ። የዊንዶውስን «ሰርቪስስ» መስኮት ከፍታችሁ «ፐርቬሲቭ ፒኤስኪውኤል ወርክግሩፕ ኢንጂን» የሚለውን ፈልጉ፤ ስቴተሱ ባዶ ከሆነ ቆሟል፣ ስታርት በሉት። ስታርትአፕ ታይፑን አውቶማቲክ አድርጉ፤ ሪከቨሪ ታብ ውስጥ ደግሞ ከመጀመሪያው ብልሽት በኋላ ሪስታርት እንዲያደርግ ምረጡ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ፒችትሪን የሚከፍቱት ሰርቨሩ ተነስቶ ካበቃ በኋላ ነው።

«ኢንተርኔት ስለሌለ ነው።»
ፒችትሪ የሚሠራው በቢሮው ኔትወርክ ነው፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ስዊቹ (ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘው ሳጥን) ግን መብራት ያስፈልገዋል፦ ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ኖሮት ስዊቹ ከሌለው መስመሩ ያው ይቋረጣል።

«ፒንግ ከመለሰ ኔትወርኩ ደህና ነው።»
ብዙ ሰዓት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ፒንግ (ኮምፒውተሩን «አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ) የሚነግራችሁ ኮምፒውተሩ መኖሩን ብቻ ነው፤ ፐርቬሲቭ የሚያዳምጠው በቲሲፒ ፖርት (የኔትወርክ በር) 3351 እና 1583 ነው። ከክላየንቱ (ከሰርቨሩ ዳታ ከሚያገኘው ኮምፒውተር) ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ፣ ቴልኔት ብላችሁ የሰርቨሩን ስምና 3351ን ጻፉ (ቴልኔት ከሌለ ከዊንዶውስ ፊቸርስ ይበራል)። ጥቁር ባዶ መስኮት ከመጣ ፖርቱ ክፍት ነው። መገናኘት አልተቻለም ካለ ወይ ሰርቪሱ ቆሟል፣ ወይ ፋየርዎል (የዊንዶውስ የኔትወርክ ጠባቂ) ዘግቶታል። ፒንጉንም ሁለቴ ሞክሩ፣ በአይፒ ቁጥርና በስም። በቁጥር መልሶ በስም እምቢ ካለ ክላየንቱ ስሙን ወደ ቁጥር መፍታት አልቻለም ማለት ነው።

«ፋየርዎሉን አጥፍቶ መገላገል ነው።»
ፍላሽ ከቢሮ ቢሮ በሚዞርበት ከተማ ይህን አታድርጉ። በፋየርዎሉ ኢንባውንድ ሩልስ (የገቢ ግንኙነት ደንቦች) ውስጥ ሁለቱን ፖርቶች ብቻ ፍቀዱ። ራውተር ከተቀየረ ዊንዶውስ ኔትወርኩን እንደ አዲስ ቆጥሮ ፐብሊክ (የማይታመን ኔትወርክ) ሊያደርገው ስለሚችል ወደ ፕራይቬት መልሱት።

«የኩባንያውን ፎልደር ኮፒ ካደረግሁ ባክአፕ አለኝ።»
ሰርቪሱ እየሠራ የተቀዳ ፎልደር ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሰው ከፒችትሪ ይውጣ፣ ሰርቪሱን አቁሙ፣ ከዚያ ቅዱ።