"ስንዴው ታሟል" ከማለታችን በፊት፦ ስለ ዋግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

"ነጠብጣብ ካወጣ አለቀለት።" ባለፈው ጥቅምት ሰንዳፋ አጎቴ ጋር ስሄድ ይሄንኑ ነው ያሉኝ። የሳቸው ስንዴ ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን የደረቁ ነጥቦች አሉት፣ ድንበር ላይ ያለው የጎረቤት ስንዴ ደግሞ በቢጫ መስመር ተሰምሯል፣ አሸት ሳረገው እንደ እርድ ያለ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። ጋሼ፣ የታመመውስ ያኛው ነው፣ የእርስዎማ እየተከላከለ ነው አልኳቸው። ዋግ እኮ ፈንገስ ነው፣ ሚኖረውም ህይወት ያለው ሴል ላይ ብቻ ነው፣ ስንዴው ትክክለኛው ጂን ካለው ፈንገሱ ገና ሲገባ ያውቅበትና የተነካውን ሴል ራሱ ይገድለዋል፣ ፈንገሱም ሚበላው አጥቶ እዛው ይቀራል። ያቺ የደረቀች ነጥብ እሷ ናት።

"ዋግ ሚመጣው ከጉም ነው።" ሚመጣው በነፋስ ነው፣ በዱቄቱ። ጉምና ጤዛ ቅጠሉን አርጥበው እንዲበቅል ያግዙታል እንጂ አይፈጥሩትም።

"ሆርሞን ማለት ሚረጭ ነገር ነው።" ተክሉ ራሱ ነው ሚሰራው፣ በሽታ ሲመጣ "ተከላከል" ሚል መልክት ማስተላለፊያው ነው። ባጠቃላይ እንደ ዋግ ህይወት ያለው ላይ ሚኖር ፈንገስ ሲመጣ ሳሊሲሊክ አሲድ (የአስፕሪን ዘመድ ነው) መልክቱን ያሰራጫል፣ ገድሎ ሚበላ ፈንገስ ሲሆን ደግሞ ጃስሞኒክ አሲድ።

"ዋግ ሚቋቋም ዘር ከዘራሁ ተገላገልኩ።" ይሄኛው ነው ብዙ ሰው ያከሰረው። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ቁብሳ ሚባለውን የስንዴ ዘር ሲያጠፋው ገበሬው ዲገሉ ወደሚባለው ሌላ ዘር ዞረ፣ ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይችል ነበር፣ በ2013 ግን ሌላ አይነት ዋግ፣ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ መጣና ባሌና አርሲ ላይ ያንኑ ዲገሉን ፈጀው፣ ምክንያቱም የግንድ ዋጉን ይዞለት የነበረው በዋናነት አንድ ጂን ነበር፣ ፈንገሱ ደግሞ ይለዋወጣል። ኤልአር 34 ሚባለው ጂን ግን ሌላ ነው፣ አብሲሲክ አሲድ ሚባለውን ሆርሞን ሚያጓጉዝ ፕሮቲን ይሰራል፣ ዋጉን ጨርሶ አያቆመውም፣ ያዘገየዋል፣ ግን ለአስርት አመታት አልተሰበረም።

"ጂን ካሉ ጂኤምኦ (በላብራቶሪ ጂኑ የተቀየረ) ነው።" እነዚህ ሁሉ በተራ ማዳቀል የገቡ ናቸው።

"የሀገር ዘር አይረባም።" በጣም ሚያናድደኝ ይሄ ነው። ገብስን እንደ ዱቄት ሚሸፍነው ፈንገስ ወደ ሴሉ ለመግባት ኤምኤልኦ ሚባለውን የገብሱን የራሱን ጂን ይፈልጋል፣ በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ የገበሬ ገብስ ውስጥ ግን ይሄ ጂን ስራውን ያቆመበት ተገኘ፣ ፈንገሱ በሩ ተዘጋበት ማለት ነው፣ አውሮፓ ውስጥም ከ1979 ጀምሮ ሚዘራ የገብስ ዘር ውስጥ ገብቶ እስከዛሬ እየተከላከለላቸው ነው።