የቆዳ መድኃኒት «ኢንዛይም ላይ ይሠራል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኢንዛይም ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የምግብ መፈጨት ነው። ቆዳችንም ግን በኢንዛይም የተሞላ ነው። ኢንዛይም በሰውነት ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ሲበዛም ሲያንስም ጣጣ አለው።

የላይኛው የቆዳ ሽፋን የሞቱ ሴሎች ድርድር ነው። ካሊክሬን የሚባሉ ኢንዛይሞች ሴሎቹን ያያያዘውን ፕሮቲን እንደ መቀስ እየቆረጡ ያረጁትን ያራግፋሉ። ጤናማ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5 አካባቢ ነው። ይህ አሲድነት ቆራጮቹን አደብ ያስይዛል። በተለመደው ሳሙና ደጋግመን ስንታጠብ ግን ፒኤቹ ከፍ ይላል። ቆረጣው ይበረታል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል። ኤክዜማ (ቆዳን የሚያደርቅና የሚያሳክክ ሕመም) ያለበት ሰው ለዘብ ያለ ማጠቢያ እንዲጠቀም የሚመከረው አንድም ለዚህ ነው። ኔዘርተን ሲንድረም በሚባለው ብርቅዬ የዘር በሽታ ደግሞ ቆራጮቹን የሚገታው ፕሮቲን በአግባቡ አይሠራም።

ግራ የሚያጋባው ሕክምናው ነው። ኢንዛይም ላይ ከሚሠራው የቆዳ መድኃኒት አብዛኛው ኢንዛይም አይጨምርም፤ ያግዳል እንጂ። ተርቢናፊን የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ፈንገሱ የሴሉን ሽፋን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ያግዳል። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ቅባት ደግሞ ሜላኒን (የቆዳ ቀለም) የሚያመርተውን ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይገታል፤ ማድያትን የሚያደበዝዘውም በዚህ ነው። (ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ግን ቆዳን መልሶ ሊያጠቁር ይችላል። ቀልድ አይደለም።)

ኮላጅኔዝ የሚባለው መድኃኒት ግን ራሱ ኢንዛይም ነው፤ ቁስል ላይ ተቀብቶ የሞተውን ሥጋ ያሟሟል። መዋቢያ ላይ «ኢንዛይም» ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከፓፓያ የሚወጣው ፓፔይን ነው። እሱም ቆዳን ያራግፋል። ኤክዜማ ያለበት ሰው ባይሞክረው ይሻላል።