ካልኩለስ በአራት ኪሎ

ካልኩለስ የለውጥ ሒሳብ ነው። አንድ ነገር በዚህች ቅጽበት ምን ያህል እየተለወጠ እንደሆነ፣ ለውጡ ሲጠራቀም ደግሞ ስንት እንደሚደርስ ያሰላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ፣ ከድል ሐውልቱ አጠገብ፣ የሳይንስ ተማሪ ከትውልድ ትውልድ የተፈተነበት ኮርስ ነው። በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምሩ ብዙ መምህራንም ከዚሁ ግቢ ወጥተዋል።

ተቋሙ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅ ደረጃ ማስተማር ጀመረ፤ በ1954 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1967 ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ሲዘምት ትምህርት ተቋረጠ።

በ1990ዎቹ ፍሬሽማን ቀርቶ መሰናዶ ሲተካው፣ ተማሪው ሊሚትን (ዋጋ የሚጠጋበትን ቁጥር) እና ዴሪቬቲቭን (የቅጽበት ለውጥ መጠንን) 12ኛ ክፍል ቀምሶ ይመጣ ጀመር። በ2012 ፍሬሽማን ተመለሰ። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ ግን ሎጂክ፣ ስብስብ፣ የቁጥር ሥርዓት፣ ፈንክሽንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ነው። ካልኩለስ የሚመጣው ቀጥሎ በአፕላይድ ማቲማቲክስ አንድ ነው፤ እዚያም ቬክተርና ማትሪክስ ይቀድሙታል። ቅደም ተከተሉ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። ሎጂክ ያልገባው ሰው ሊሚት ላይ ይንገዳገዳል።

ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚያው ነው። 12ኛ ክፍል ቀመር ይሸመደዳል፤ ዩኒቨርሲቲ "ለምን?" ይላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ኤፕሲሎን (የሚፈቀደው ስሕተት) እና ዴልታ (ለዚያ የሚበቃው ርቀት) ሲመጡ ማብራሪያው ወደ አማርኛ ይዞራል። ለምሳሌ ሦስት ኤክስ ሲደመር 1ን እንውሰድ። ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ ዋጋው ወደ 7 ይጠጋል። ስሕተቱ፣ ማለትም ዋጋው ከ7 ያለው ልዩነት፣ ከ0.03 እንዲያንስ ከተፈለገ፣ ኤክስ ከ2 ያለው ርቀት ከ0.01 ማነስ አለበት። የፈለጉትን ያህል ትንሽ ስሕተት ቢጠይቁ ለ3 አካፍሎ መልስ መስጠት ይቻላል። ነገሩ ይኸው ነው። በቦርድ ላይ ሲታይ ያስፈራል፤ በቁጥር ሲሞከር ይገራል።

ካልኩለስን ማን ፈጠረው የሚለው ድሮ ያጣላ ነበር። ዛሬ ኒውተንና ላይብኒዝ ለየብቻቸው እንደደረሱበት ይታመናል። የምንጽፍባቸው ምልክቶች በብዛት የላይብኒዝ ናቸው።

የኮርሱ ትልቁ ውጤት ዴሪቬቲቭንና ኢንቲግራልን (የተጠራቀመውን ለውጥ) የሚያገናኘው ቴዎረም ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የምትወጣ ታክሲን አስቡ። ፍጥነቷን በየቅጽበቱ መዝግባችሁ ግራፍ ብትሠሩ፣ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት የሄደችው ርቀት ነው።