ጥምር ደን እርሻ በጎጃም

ጎጃም ሲባል ቶሎ የሚታወሰው ጤፍና ማር ነው። ዛፍን ከሰብል ጋር አስማምቶ ማልማትም የቆየ የአገሩ ሙያ ነው። የጎጃም ገበሬ ሲያርስ ዋንዛውን፣ ብሳናውንና ግራሩን ዞሮ ያልፋል። ጓሮው ደግሞ ጌሾ፣ ሎሚና ኮክ አያጣም። ባለሙያዎች ይህንን ጥምር ደን እርሻ ይሉታል። ከትልቁ ዛፍ ሥር የሚበላውና የሚሸጠው ተክል በየደረጃው ሲበቅል የምግብ ደን ይባላል።

በዚህ ዘጌን የሚያህል የለም። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስ፣ ጣና ውስጥ የገባ ምድር ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብሳናና ብርብራ ጥላ ይሰጣሉ። ከሥር ቡናና ጌሾ ይበቅላሉ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ዓሣ ማደንዘዣ ይሆናል። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ይመግባል፤ ጥላው እርጥበቱን ይይዛል።

ይህን ሥርዓት ያጸናው የዘጌ ገዳም ነው። በአገሬው ትውፊት ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የገዳሙ መሥራች የአቡነ በትረ ማርያም በረከት ናቸው። መሬቱ እንዳይታረስና ከብት እንዳይረባበት የሚለው ሥርዓትም ከእሳቸው የወረደ ነው ይባላል። ቡናው መቼ እንደገባ የተለያየ ሐሳብ አለ። ሥርዓቱ ደኑን ማቆየቱ ግን በዓይን የሚታይ ነው። የዘጌዎቹ ገዳማት ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ዛሬም በዛፍ እንደተከበቡ ናቸው። በድሮው ዘመን በቡናው ሥራ የባሪያ ጉልበት እንደነበረበትም መታለፍ የለበትም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጠና ሲሆን ዘጌም አብሮ ተካቷል። የቀረው ፈተና ወደ ባሕር ዳር የሚሸጠው ማገዶ ነው።



የቅርቡ ትልቅ ለውጥ አዊ ዞን ውስጥ ነው። የፋግታ ለኮማና የባንጃ ወረዳዎች መሬታቸው አሲዳማ ሆኖ ምርት አሽቆልቁሎ ነበር። ገበሬው ከአውስትራሊያ የመጣውን፣ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ያዘ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅላል። ቀጥሎ በመካከሉ ሣር ያጭዳል። በአራት፣ በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያ መሬቱን እንደገና ያርሳል። ዛፉ በሥሩ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል። የተራቆተው ተዳፋት አረንጓዴ ለበሰ፤ ገበሬውም ጥሬ ገንዘብ አገኘ። ይህን ያደረገው በራሱ ብልሃት ነውና ሊመሰገን ይገባል። ሜጫ ወረዳ ላይ እርሻው ድረስ ከገባው ባሕር ዛፍ ጋር ሲነጻጸርም ዲከረንስ ለአፈሩ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው።

ችግሩ ዛፉ አንድ ዓይነት ብቻ መሆኑ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፈንገስ የሚመጣ የዝገት በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አድርቋል። የዘጌ ዓይነት ድብልቅ ቢኖር ጉዳቱ ይቀል ነበር። አገር በቀሉ ግራርም ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ግን ዝግ ብሎ ያድጋል፣ ገበሬው ደግሞ ያን ያህል መጠበቅ አይችልም። ክፍተቱን መሙላት የሚችለው ጌሾ ይመስላል። ከዛፍ ቀድሞ ይደርሳል። ጠላና ጠጅ እስካለ ድረስም ገዢ አያጣም።